ሹመት፣ ቀጠሮና ቅሬታ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምሮ አማርኛን በሥራ ላይ ሳለ የሚያጠና ሹም ብዙ ጊዜ ከሚቸገርባቸው ቃላት አንዱ «ዲስአፖይንት» የሚለው ግሥ ነው። መዝገበ ቃላት ቢገልጥ «ቅር አሰኘ»፣ «አሳዘነ»፣ «ተስፋ አስቈረጠ» የሚሉትን ተከታትለው ያገኛቸዋል። ሦስቱ ግን በክብደት እኩል አይደሉም። ስለዚህ አስቀድመን የቃሉን አመጣጥ ካስረዳን በኋላ ወደ አማርኛው አጠቃቀም እንመለሳለን።

የቃሉ ሥር የላቲኑ «ፑንክቱም» ነው፤ ይኸውም በሹል ነገር ተወግቶ የተደረገ ነጥብ ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከዚሁ ሥር አንድን ነገር መወሰንን፣ ማደላደልንና ማዘጋጀትን የሚያመለክት ግሥ አወጡ። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ ወዲህ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለብዙ ዘመን ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ የአስተዳደር ቃላት በብዛት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። «አፖይንት» ከነዚህ አንዱ ነው። ሰውን ለሥራ መወሰን ሹመት ሆነ፤ ቀንና ሰዓትን መወሰን ደግሞ ቀጠሮ ሆነ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ሹመትንና ቀጠሮን በአንድ ስም የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

በመነሻው ያለው «ዲስ» የተደረገውን ማፍረስን ያመለክታል። ስለዚህ ቃሉ በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጓሜው ሹመትን መሻር ነበር እንጂ ልብን ማሳዘን አልነበረም። በዚያው መቶ ዓመት የሰውን ተስፋ ከንቱ ማድረግንም ጨመረ። ሼክስፒር በ1600 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው በ«ሐምሌት» ውስጥ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ሳይናዘዝ መሞቱን ሲናገር፣ ይህንኑ ቃል «ያልተዘጋጀ» በሚል ትርጓሜ ተጠቅሞበታል። የቃል ትርጓሜ እንዲህ መጓዙ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። የግዕዙ «ሰዐረ» በአማርኛ «ሻረ» ሆኖ ከሹመት ማውረድን ሲያመለክት፣ በትግርኛ «ሰዓረ» ድል አደረገ ማለት ሆኗል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። «ቅር አለኝ» የሚባለው የጠበቅነው ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ንግግሩም ቀላልና ጨዋ ነው። በዚህ ግሥ ሰውየው ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ስለዚህ ቅር አለኝ፣ ቅር አለህ፣ ቅር አላት፣ ቅር አላቸው እየተባለ ይረባል፤ «ቅር አልሁ» ማለት ስሕተት ነው። ሰውየውን ባለቤት ለማድረግ ሲፈለግ «ቅር ተሰኘሁ» ይባላል። «አዘንሁ» ከዚህ ይከብዳል፤ ለሞትም ለመከራም ይነገራል። «ተስፋ ቈረጥሁ» ግን ነገሩ ከእንግዲህ አይሆንም ብሎ መተው ነው። ዕቅድ ወይም ሙከራ እንደ ታሰበው ሳይሆን ሲቀር «ከሸፈ» ይባላል።

እንግዲህ አንድ ሹም ከስብሰባ ለቀረ ባልደረባው «ባለመምጣትዎ ተስፋ ቈርጫለሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከእንግዲህ ከእርስዎ ምንም አልጠብቅም እንዳለ ይቈጠራል። «ባለመምጣትዎ ቅር ብሎኛል» ቢል ግን ቅሬታውን ገልጦ ወዳጅነቱን ያቈያል።

የሦስቱ ቃላት ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ነው። ስንቁን ይዞ ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይ በተቀጠረበት ቀን መዝገቡ ባይገኝለት ቅር ይለዋል። ዳግመኛ ተቀጥሮ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ቢመለስ ያዝናል። ሦስተኛ ጊዜ ግን ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል፤ ወደዚያም ደጅ አይመለስም። በሹመት ላይ ያለ ሰው የሰጠው ቀጠሮ የሹመቱ ክፍል ስለ ሆነ፣ ባለጉዳዩ «ቅር ብሎኛል» ባለ ጊዜ ሳይቈጣ ሊያዳምጠው ይገባል። ቅር ያለው ሰው ገና የሚጠብቀው ነገር አለ።

ለመልመጃ ያህል አንባቢ «ቅር አለ»ን በየመደቡ አርብቶ ይጻፍ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ከሥራው የተወሰደ አንድ ምሳሌ ይጨምርበት።