ባህር ላይ ሕግ አለ ወይ?

በኛ ዲፓርትመንት ስለ አውሮፓ ወሬ ሲነሳ ሁለት ወገን መፈጠሩ አይቀርም። አንደኛው ወገን «መብት ማለት እዚያ ነው፤ ፖሊሱ እንኳ ሕግ ጠቅሶ ነው የሚያናግርህ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ተወኝ ባክህ፣ መብታቸው ለራሳቸው ነው፤ ጥቁር ሲመጣ ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በልበ ሙሉነት ነው የሚናገሩት። ነገር ግን አንዳቸውም አንድ የፍርድ መዝገብ ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም። ጋዜጠኛ ለመሆን ለምንማር ልጆች ይሄ አያምርብንም። ስለዚህ ዛሬ እኔ አንድ መዝገብ ይዤ ከሁለቱም ወገን ጋር ልከራከር።

መዝገቡ የሂርሲ ጉዳይ በሚል ይታወቃል። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሜይ 6 ቀን 2009 ከሊቢያ ተነስተው በሦስት ጀልባዎች ወደ ኢጣሊያ ይጓዙ የነበሩ 200 ያህል ሰዎች፣ ከላምፔዱዛ ደሴት በስተደቡብ 35 የባህር ማይል ላይ የኢጣሊያ መርከቦች ደረሱባቸው። ሰዎቹ ወደ ኢጣሊያ ወታደራዊ መርከቦች እንዲሻገሩ ተደረገ። ከሳሾቹ እንደተናገሩት ወዴት እንደሚወሰዱ የነገራቸው የለም፤ ማንነታቸውን የጠየቀም የለም። ከ10 ሰዓት ጉዞ በኋላ የደረሱት ትሪፖሊ ወደብ ነው። «አንወርድም» ቢሉም በግድ ወርደው ለሊቢያ ባለሥልጣናት ተሰጡ።

ከተመለሱት መካከል 24ቱ፣ ማለትም 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን፣ በጠበቆች አማካይነት በዚያው ወር በ26 ስትራስቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አቤት አሉ። እግረ መንገዴን ልበልና፣ ይህ ፍርድ ቤት የአውሮፓ ኅብረት አይደለም፤ ዛሬ 46 አባል አገሮች ያሉት የአውሮፓ ምክር ቤት ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ያለው ሉክሰምበርግ ነው። ዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ ስለምሰማ ነው ይህን ማንሳቴ።

የኢጣሊያ መንግሥት ክርክር ቀላል አልነበረም። እኛ ያደረግነው ነፍስ ማዳን ነው፣ ቦታውም ዓለም አቀፍ ባህር ነው፣ ከሊቢያም ጋር ስምምነት አለን አለ። ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 በ17 ዳኞች ሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም። መርከቡ የኢጣሊያን ባንዲራ እስካውለበለበና ሠራተኞቹ የኢጣሊያ ወታደሮች እስከሆኑ ድረስ፣ ተሳፋሪዎቹ በኢጣሊያ ሥልጣን ሥር ናቸው፤ ባህር ላይ መሆን ከሕግ ውጭ መሆን አይደለም አለ። ሊቢያ ውስጥ የሚጠብቃቸው ስቃይ እየታወቀ መመለሳቸው፣ አንድ በአንድ ሳይጠየቁ በጅምላ መባረራቸው፣ አቤት የሚሉበት ቦታም ማጣታቸው ጥሰት ነው ተባለ። ካሣውም ለእያንዳንዱ 15,000 ዩሮ ሆነ።

እንግዲህ «ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ይገባል» ለሚለው ወገን መልሴ ይሄ ነው። ገንዘብም ሆነ ዘመድ የሌላቸው የኛው ቀንድ አካባቢ ልጆች አንድን ኃያል የአውሮፓ መንግሥት ከሰው ረትተዋል። ከዚህ በላይ የሚገርመው ደግሞ፣ ከከሳሾቹ 14ቱን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እዚያው ትሪፖሊ ስደተኛ ናቸው ብሎ ተቀብሏቸዋል። አንደኛው እንደገና ባህሩን ተሻግሮ በ2011 ራሷ ኢጣሊያ የስደተኝነት መብት ሰጥታዋለች። ያው ሰው ነው እኮ! የተለወጠው ነገር ቢኖር በሁለተኛው ጊዜ መጠየቁ ብቻ ነው። የሕግ የበላይነት የሚጀምረው «ስምህ ማነው? ምን ገጠመህ?» ከሚል ጥያቄ ይመስለኛል።

«መብት ማለት እዚያ ነው» የሚሉትም ቢሆኑ በጊዜ አይደሰቱ። ፍርዱ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ከ24ቱ ሁለቱ በዚህ መሃል ሞተዋል። ከዚያስ? ፌብሩዋሪ 2017 ኢጣሊያ ከሊቢያ ጋር አዲስ የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። የሊቢያ የባህር ጠረፍ ጠባቂዎች ጀልባና ሥልጠና አገኙ፤ ሰዎቹን ይዞ መመለስ የእነሱ ሥራ ሆነ። «በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ መለካት» የሚባለው ይሄ ነው። ኖቬምበር 2017 እንዲህ ባለ አጋጣሚ ሰዎች ሰጥመው ሞቱ። በሕይወት የተረፉት ስትራስቡርግ ቢከሱም፣ ፍርድ ቤቱ በ2025 ባህሩም የሊቢያው መርከብም በኢጣሊያ ቁጥጥር ሥር አልነበሩም ብሎ አቤቱታውን ሳይቀበል ቀረ። ሕጉ አልተሻረም፤ የሚይዘው እጅ ነው የተለወጠው።

የደኅንነት ጥያቄውንም በንቀት ማለፍ አልፈልግም። ኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ 130 ሰዎች በሽብር ጥቃት ተገድለዋል። ሕዝቡን መጠበቅ የማንኛውም መንግሥት ግዴታ ነው። ሜይ 2025 ኢጣሊያና ዴንማርክን ጨምሮ ዘጠኝ መንግሥታት በግልጽ ደብዳቤ ፍርድ ቤቱን ወቅሰዋል፤ ወንጀል የፈጸሙ የውጭ ዜጎችን እንዳናስወጣ እጃችንን አሰረን ነው ነገሩ። ነገር ግን ስምምነቱ ደኅንነትን አልረሳም። የግል ሕይወትን፣ የመሰብሰብን፣ የመናገርንም መብት ለደኅንነት ሲባል በሕግ መገደብ ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ሰውን ማሰቃየትና ወደሚሰቃይበት ቦታ መላክን ነው። ደግሞስ ስማቸው ያልተጠየቁ 200 ሰዎችን መመለስ ምን ዓይነት የደኅንነት ሥራ ነው? ወንጀለኛው የቱ፣ ከወንጀለኛ የሸሸው የቱ እንደሆነ ማን አወቀ? መጠየቅ ለስደተኛውም ለጠባቂውም ይበጃል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አይ ኤስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን የገደለበት ቪዲዮ ኤፕሪል 2015 ሲወጣ ጨርቆስ ሰፈር እንዴት እንዳለቀሰ አገር ያውቃል። «ወደ ሊቢያ ተመለሱ» የሚለው ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ከኛ በላይ የሚረዳው ጥቂት ነው። ሆኖም የኛው ሚዲያ «ይህን ያህል ሕገወጥ ስደተኞች ወደ ሊቢያ ተመለሱ» የሚለውን የውጭ ዜና ተርጉሞ ያልፈዋል። ሰዎቹ ሳይጠየቁ «ሕገወጥ» ማለት ለኔ መርከቡ ላይ የተሠራውን ስህተት በብዕር መድገም ነው።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለ ዜና በልምምድ ላይም ሆነ ነገ በሥራ ላይ ሲገጥመን ሦስት ነገር እንጠይቅ። የያዛቸው መርከብ የማን ባንዲራ ነው? ጀልባውንና ነዳጁን የሰጠው ማን ነው? ሰዎቹንስ የጠየቃቸው አለ? መምህራኖቻችንም እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ለትርጉም ልምምድ ቢሰጡን ከመቶ ክርክር ይሻላል እላለሁ። ያን ጊዜ ስለ አውሮፓ ስንከራከር ቢያንስ የምንጠቅሰው አናጣም።