ባዶውን ጀሪካን ማን ይረከበው?

ደጀን የዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው፤ ጤፍ ባለበት ደግሞ ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ ተረጭቶ ሲያልቅ ዕቃው የት ይሄዳል? በአገራችን ገጠር ታጥቦ ጋዝ ወይም ዘይት ይያዝበታል፤ አንዳንዴም የመጠጥ ውሃ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የሶላር ባትሪና ጊዜው ያለፈበት ክኒን ደግሞ ከቤት ጥራጊ ጋር ይደፋል። ቁልቁሉ ወደ ዐባይ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 አባወራው እንደገና የሚያገለግለውን ከሚወገደው ለይቶ ወደተመደበለት ቦታ እንዲያደርስ ያዝ ነበር። በ2010 ለአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090፣ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻም ደንብ ቁጥር 425 ወጡ። ነገሩ የሚሰናከለው «የተመደበ ቦታ» የሚለው ላይ ነው፤ አብዛኞቹ የወረዳ ከተሞቻችን ለእነዚህ ነገሮች የተለየ መረከቢያ የላቸውም።

ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ሰደቃ መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። ያነሳነውን የት እናድርገው? የ1995ቱ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማስቀመጥም፣ ማከማቸትም፣ ማጓጓዝም ይከለክላል። ትርጉሙም ሰፊ ነው፦ ለጤና ወይም ለአካባቢ ጎጂ ነው ተብሎ የሚታመን የማይፈለግ ነገር ሁሉ ይገባበታል። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ድንጋይ ገደል ቢወረውር የሚጠይቀው የለም፤ የመስጂድ ጀመዓ ወጣቶች ከየቤቱ ለቅመው አንድ ኩንታል ቢያስቀምጡ ግን በአዋጁ ቃል ያለ ፈቃድ ያከማቹ ይሆናሉ። የጣለው ነፃ፣ የሰበሰበው ተጠያቂ።

ፈቃዱ ይቅር ማለቴ አይደለም። ቁጥጥር የሌለው ክምር ምን እንደሚያደርግ መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ላይ አይተናል፤ ከ110 በላይ ሰው አልቋል። ለትንሽ መረከቢያ ግን ትንሽ ፈቃድ ይበቃል፤ ወረዳው ራሱ የሚሰጠው። ሲሚንቶ ወለል፣ ጣሪያ፣ ቁልፍ፣ መዝገብ፣ ከዚህ በላይ አይከማችም የሚል ልክ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይነሳል የሚል ቀን።

የመጨረሻው ከባድ ነው። ወዴት ይነሳል? አገራችን ለዓመታት ተከማችቶ ከነበረው ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ1,500 ቶን በላይ የሚሆነውን ለማስወገድ ፊንላንድ ድረስ መላክ ነበረባት። ደጀን ብቻዋን ይህን አትችልም። ስለዚህ ግዴታው ከሻጩና ከአስመጪው ይጀምር፦ ሙሉውን የሸጠ ባዶውን ይቀበል። መድኃኒቱን ያመጣው መኪና ሲመለስ ባዶውን ይዞ ይመለስ።

እስከዚያው ዕቃውን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ፣ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምሮ ማሳው ላይ መርጨት፤ ጀሪካኑንም ውሃ እንዳይይዝ መብሳት።