ፈተናውን ማን አወጣው?

ቱርካዊው ሠዓሊ ኤሽሬፍ አርማአን ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። መስመሩን በብሬይል ስታይለስ፣ ማለት በዓይነ ስውራን ጽሕፈት መውጊያ፣ ይጭራል፤ የተጫረው ያብጣል፤ ሌላው እጁ እየተከተለ ያነበዋል። ከዚያ በጣቱ ቀለም ይቀባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርብም። ይህን ሁሉ ለፍቶ ሲያበቃ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን ምንድን ነው? «እውነት አያይም?» ሥዕሉ ያምራል ወይስ አያምርም ብሎ የሚከራከረው ሰው የት ገባ? ለዓይናማ ሠዓሊ የማይነፈግ ትችት ለእሱ ሲሆን ለምን ምርመራ ይሆናል?

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ኬኔዲ ባሉበት፣ ካሜራ ተደግኖ፣ ፍሎረንስ ድረስ ወስደው ባለ ስምንት ጎኑን የጥምቀት ቤት በፐርስፔክቲቭ፣ ማለት የራቀውን አሳንሶ፣ እንዲነድፍ ጠየቁት። ነደፈው። ቦታው የተመረጠው ያለ ነገር አይደለም፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ የፐርስፔክቲቭን ሕግ ያሳየው ይህንኑ ሕንጻ ሥሎ ነው። እንግዲያው ሕጉ ከማየት ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ዓይናማው ዓለም ብሩኔሌስኪ እስኪመጣ ምን ይጠብቅ ነበር? የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቅዱሱን ባለ ሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን ባለ አንድ ዓይን አድርገው ሲሥሉ ዓይናቸው ታሞ ነው? (ዛሬስ ከመንገደኛው መካከል ወረቀትና እርሳስ ቢሰጠው ያንን የጥምቀት ቤት አስተካክሎ የሚነድፍ ስንቱ ነው?)

ደግሞስ ርቀትን የሚያውቀው ዓይን ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ከግድግዳ ፊት ቆመው ሁለቱን ጥጎች በሁለት እጅዎ ያመልክቱ። አሁን ወደ ኋላ ይራመዱና እንደገና ያመልክቱ፤ በክንዶችዎ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። የራቀ ነገር እንደሚያንስ ለመረዳት እዚህ ላይ ዓይን ምን ሠራ? የጠረጴዛ ጠርዝስ ለጣት ጠርዝ አይደለም?

አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች አርማአን ሲሥል አንጎሉን በማሽን አይተው፣ በዓይናሞች ዘንድ ለማየት የሚያገለግለው ክፍል ሥራ ላይ መሆኑን አግኝተዋል። ይህን ሲሰሙ «ለካ ያያል!» የሚሉ አሉ። እጅ የሠራውን ለዓይን መስጠት ለምን አስፈለገ?

ለመሆኑ ሌላ ዓይነ ስውር መጥቶ ያንን ያበጠ መስመር በጣቱ ሊያነበው ቢፈልግ፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ የሚያነሳለት ስንት ሙዚየም አለ?