የሥራው ባለቤት በስሙ ይጠራ

የአንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ዋጋ የሚለካው በያዘው አዲስ ግኝት ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው ከሌሎች ሥራ የወሰደውን በትክክል ማመልከቱም ሌላው መለኪያ ነው። በሥነ ሕይወት ረገድ አንድ ተመራማሪ ስለ ነፍሳት ወይም ስለ ዕፅዋት የሚናገረው ቃል ከእርሱ በፊት በተደረገ ምርመራ ላይ የቆመ ነው። አንባቢውም ያንን ምርመራ ፈልጎ እንዲያገኝ መንገዱ ሊጠረግለት ይገባል። የዋቢ አጻጻፍ ሥርዓት የተበጀው ለዚህ ነው።

የደራሲውን ስምና ጽሑፉ የታተመበትን ዓመት በቅንፍ የማስፈር ልማድ ከሥነ ሕይወት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት መምህር የነበረው ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ እ.ኤ.አ. በ1881 ስለ ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ ባሳተመው ጥናት በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል። ዘዴው መልካም ቢሆንም የታሰበው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። ኢትዮጵያዊ ግን የሚጠራው በራሱ ስም ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ነው።

የሁለቱ ልማዶች አለመጣጣም ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናይሮቢ ናት። በዚህች ከተማ ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማእከል ይገኛል። ይህን ማእከል እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 የመሩት የፍኖተ ሰላም ተወላጅ የሆኑት የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። አገራቸው «ዶክተር ሰገነት» ብላ ትጠራቸዋለች፤ በዓለም አቀፍ የዋቢ ዝርዝሮች ግን «ቀለሙ ሰ.» ተብለው ይገኛሉ። የአባት ስም በሙሉ ሲጻፍ፣ የሠራተኛዋ ስም አንድ ፊደል ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

የዚህ ልማድ ጉዳት ከክብር ያልፋል። የአንድ ሰው ሥራ በአንዱ መዝገብ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ሲመደብ ፈላጊው ግማሹን ብቻ አግኝቶ ይመለሳል። ደግሞም የአባታቸው ስም ተመሳሳይ የሆነ፣ የራሳቸውም ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አንድ ሰው ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ዓለም በአንድ ደንብ መሠራት አለበትና ለአንድ አገር ልዩ ደንብ ማውጣት መደናገርን ያመጣል የሚሉ አሉ። አሳባቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በአባታቸው ስም ለመታወቅ የመረጡ ኢትዮጵያውያን ካሉም ምርጫቸው ይከበር። ነገር ግን አንድነት የግድ ስምን አያስጥልም። በዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም መጨረሻ የሰያሚው ሊቅ ስም ይጻፋል፤ ከአደይ አበባ ዝርያዎች አንዱ በሆነው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ላይ የተጻፈው የሊቁ የመስፍን ታደሰ የራሳቸው ስም «መስፍን» ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በሰየሟቸው የእሬት ዝርያዎችም ላይ «ሰብስቤ» ተብሎ ይነበባል። ይህን በማድረጉ የዓለም የዕፅዋት መዝገብ አልተናጋም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ተመራማሪዎች ኦርኪድ የተባለ መለያ ቁጥር ስለሚያገኙ፣ ኮምፒዩተሩም ባለ ሥራውን በቁጥሩ መለየት ይችላል።

ስለዚህ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም፣ ባለቤቱ ሌላ ካልመረጠ በቀር፣ ሳያጥርና ሳይገለበጥ የራሱ ስም ቀድሞ፣ የአባቱም ተከትሎ ሊጻፍ ይገባል። የመጽሔት አዘጋጆችም ይህን በመመሪያቸው ያስፍሩት። ወጣቱ ተመራማሪ ከመጀመሪያ ጽሑፉ አንሥቶ አንድ የስም አጻጻፍ መርጦ ይጽና። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እንዲውል ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ በትክክል መስፈር አለበት።