በክፉ ዘመን የመንግሥት ወጪ ይበልጥ ይቆጠር

ክረምቱ ያለ በቂ ዝናብ ባለፈበት ዓመት አርሶ አደሩ ጎተራውን ሲከፍት ከወትሮው ይበልጥ ይጠነቀቃል። በደጉ ዘመን ለእንግዳም ለጎረቤትም ያለ ስፍር ይዘገን የነበረው እህል በክፉው ዘመን በቁና ይሰፈራል። ለዘር የሚቀመጠው ይለያል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሚሆነው ይታሰባል፤ እስከሚቀጥለው አዝመራ ስንት ወር እንደ ቀረ ይቆጠራል። እህሉ ባነሰ ቁጥር ስፍሩ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ይህን ከቤቱ የሚያውቅ ገበሬ በመንግሥት ጎተራም ላይ ደንቡ ይኸው መሆን እንዳለበት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሆኖም በብዙ አገሮች የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ድርቅ፣ ጦርነት ወይም ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ «ሰው እያለቀ ስለ ሒሳብ አይጠየቅም» ይባላል። ግዥው ያለ ጨረታ ይፈጸማል፤ ለአንዱ ሥራ የተያዘው ገንዘብ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የሕዝብ ተወካዮች የሚሰሙት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ይሆናል። ታዲያ በችግር ጊዜ የመንግሥትን ወጪ መቆጣጠር ያለበት ማን ነው? ቁጥጥሩስ ለተራበው የሚደርሰውን እህል ሳያዘገይ እንዴት ሊካሄድ ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚነሡ ተደርገው መታየት የለባቸውም። መልሳቸው በየቀበሌው የሚታይ ስለሆነ የገበሬ ማኅበራት መሪዎችን በቀጥታ ይመለከታሉ።

በመጀመሪያ የሥልጣኑን አደላደል እናስታውስ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት የፌዴራሉን መንግሥት ዓመታዊ በጀት የሚያዘጋጀውና በሥራ ላይ የሚያውለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ ለተፈቀደለት ሥራ መዋሉን የሚመረምረው ዋናው ኦዲተር ሲሆን፣ የምርመራውን ውጤት የሚያቀርበው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋሙ አርሶ አደሮች ይህን አሠራር አሳምረው ያውቁታል። የሥራ አመራር ኮሚቴው ዕቅድና በጀት ያቀርባል፤ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸድቃል፤ ቁጥጥር ኮሚቴው ይመረምራል። አንዱ ሰው ቁልፍ ያዥም፣ አዛዥም፣ መርማሪም ከሆነ ግን የማኅበሩ ካዝና ዓመት ሳይሞላው ባዶ ይሆናል።

ችግር ሲመጣ ይህ አሠራር የሚፈተነው በምን ምክንያት ነው? አንደኛው ምክንያት የጊዜ ጉዳይ ነው። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይፈጸማል። ምክር ቤቱ በጀቱን በሚያጸድቅበት ሰሞን ገበሬው ገና በእርሻና በዘር ላይ ነው። የመኸሩ ሰብል መበላሸቱ በግልጽ የሚታወቀው መስከረምና ጥቅምት ላይ በመሆኑ፣ ችግሩ የሚደርሰው የዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህን ጊዜ መንግሥት ገንዘብ የሚያገኘው በአራት በሮች ነው፤ እነሱም የመጠባበቂያ በጀት፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚደረግ ዝውውር፣ ተጨማሪ በጀት፣ እንዲሁም ብድርና ርዳታ ናቸው።

እያንዳንዱ በር የየራሱ ጥያቄ አለው። መጠባበቂያው ቀድሞ የተፈቀደ ስለሆነ ፈጥኖ ይወጣል፤ ግን ለእውነተኛ ድንገተኛ ችግር ነው ወይስ አስቀድሞ ሊታቀድ ይችል ለነበረ ጉዳይ? ዝውውር ሲደረግ የተቀነሰበት ሥራ የትኛው ነው? የገጠር መንገድ ነው? የመስኖ ግድብ ነው? ወይስ የጤና ጣቢያ? ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ ገንዘቡ ከግብር ይመጣል ወይስ ከብሔራዊ ባንክ በብድር? ከባንኩ በቀጥታ የሚወሰድ ብድር ሲበዛ ዋጋ ይንራል፤ ማንም የግብር ደረሰኝ ሳይቆርጥለት አርሶ አደሩ በጨው፣ በጋዝና በልብስ ዋጋ ይከፍለዋል። በርዳታ መልክ የሚመጣው ደግሞ ከናካቴው በመንግሥት በጀት ውስጥ ሳይመዘገብ በሌላ መንገድ ሊያልፍ ይችላል።

የገንዘቡ መጠን ቀላል አይደለም። ለ2014 በጀት ዓመት መጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 561.67 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። በዚያው ዓመት በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ ይህም ከመጀመሪያው በጀት ከአንድ አምስተኛ በላይ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ደግሞ 971.2 ቢሊዮን ብር ከጸደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን ለውጥ ተከትሎ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨምሯል። ይህም ከመጀመሪያው በጀት ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ መደበኛው በጀት በቋሚ ኮሚቴ ተመርምሮ፣ ሚኒስትሮች ተጠይቀውበት የሚያልፍ ከሆነ፣ ግማሹን የሚያህለው ተጨማሪ ገንዘብ በአንድ ቀን ውይይት ሊታለፍ አይገባውም። የምክር ቤት አባላት ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ «ያስፈልጋል ወይ?» በሚለው ብቻ አያበቃም። «ባለፈው የፈቀድነው የት ደረሰ?» የሚለውም መነሣት አለበት።

ያለ ቁጥጥር የሚያልፍ ክፉ ዘመን ምን እንደሚያስከትል አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን በፈጀው ረሀብ ጊዜ ምክር ቤት ነበር፤ በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም በበጀት ላይ ድምፅ የመስጠት ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። ረሀቡ ግን እየተሸፋፈነ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣኖች የተጠየቁት ከዚያ በኋላ ነበር። የሞተውን ሰው ምርመራው አላስነሣውም። ከዚህ የምንረዳው ሥልጣን በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃና፣ ጥያቄው ገንዘቡም ሕይወቱም ሳያልቅ መነሣት እንዳለበት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የ1977ቱ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ዝግጅት ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕዝቡ ከቀዬው ተነቅሎ በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓርላማው ከተዘጋ ወዲህ፣ ብሔራዊ ሸንጎው እስኪቋቋም ድረስ አገሪቱ ምክር ቤት አልነበራትም። ስለሆነም የበዓሉን ወጪና የእህሉን መግዣ ጎን ለጎን አስቀምጦ «የቱ ይቅደም?» ብሎ በይፋ የሚጠይቅ የሕዝብ ተመራጭ አልተገኘም።

ቁጥጥሩ ርዳታውን ያዘገያል የሚሉ ወገኖች ሥጋት ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ልጁ በረሀብ የተያዘበት አባት የጨረታ ሰነድ እስኪገመገም ሦስት ወር መጠበቅ አይችልም። የግዥ ሕጎችም በአጣዳፊ ጊዜ ቀጥታ ግዥን የሚፈቅዱት ለዚሁ ነው። ሆኖም ፍጥነትና ዝርክርክነት አንድ አይደሉም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን ግን መልቀሙም አይቻልም። መፍትሔው ቁጥጥሩን ከማንሣት ይልቅ ጊዜውንና መልኩን ማስተካከል ነው፤ ወጪው እንዲፈጥን፣ ሪፖርቱም እንዲፈጥን።

በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ ልምድ ይጠቀሳል። በዚያች አገር የመንግሥት ፋይናንስ ሕግ መሠረት የገንዘብ ሚኒስትሩ በአጣዳፊ ችግር ጊዜ ምክር ቤቱን ሳይጠብቅ ወጪ ሊፈቅድ ይችላል። ነገር ግን መጠኑ ከዓመቱ ብሔራዊ በጀት ከመቶ 2 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ሪፖርቱም የጸጥታ ኃይሎች ስምሪትን ካልተመለከተ በቀር በ14 ቀናት ውስጥ ለፓርላማውና ለዋናው ኦዲተር መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ መንግሥት የ500 ቢሊዮን ራንድ ድጋፍ ባወጀ ጊዜ ዋናው ኦዲተር ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ገንዘቡ እየወጣ ሳለ መመርመር ጀመረ። የመጀመሪያው ልዩ ሪፖርት በመስከረም 2020 ይፋ ሲሆን የመከላከያ አልባሳትና ቁሳቁስ ከመደበኛው ዋጋ እስከ አምስት እጥፍ የተገዛበት ቦታ መኖሩ፣ የሥራ አጥ ድጎማም በሟቾችና በእስረኞች ስም ጭምር መከፈሉ ታወቀ። ሌብነቱ ከናካቴው አልቀረም። ሆኖም ድጎማው ከታወጀ ገና አምስት ወር ሳይሞላው ተደርሶበታል። ሒሳብ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመረመር ገንዘቡም፣ ሰነዱም፣ ተጠያቂውም ሰው አይገኙም።

ጉዳዩ ከከተማ ወጥቶ ገጠር የሚደርስበትን መንገድ ለማየት ብዙ ወደ ኋላ መሄድ አያሻም። በ2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ፣ የርዳታ እህል በስፋት ከታለመለት ወገን ውጭ እየዋለ መሆኑን አስታውቀው፣ በመጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ የምግብ ርዳታውን አቋረጡ። እህሉ እንደገና በስፋት መታደል የጀመረው አዳዲስ የቁጥጥር ዘዴዎች ከተዘረጉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በነበሩት ወራት የተቀጣው ማን ነበር? እህሉን ያዞረው ሰው እራቱን አልተከለከለም። እጁን በምንም ያላስገባው ችግረኛ ግን ጦሙን አድሯል። የቁጥጥር መጓደል መጨረሻው ይህ ነው፤ ጥፋቱ በአንዱ፣ ቅጣቱ በሌላው ይሆናል።

ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከውጭ የሚመጣው ርዳታ ሲሳሳ በራሳችን በጀት ላይ ያለው ሸክም ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ርዳታ ያስፈልጋቸው እንደ ነበር የሚያስታውስ ሁሉ የሸክሙን ክብደት ይገምታል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የሚባክነው ገንዘብ የሩቅ ለጋሽ ነው ብሎ መጽናናት አይቻልም። ግብር ከፋዩ ገበሬ የራሱ ገንዘብ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ብዙ ዘመን አብሮን ኖሯል። ይህ አባባል የሚሞተው በስብከት አይደለም፤ የሚበላውን በሚቆጥር ሕዝብ ነው። ከዚህ አኳያ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ፣ አቅማቸውም የሚፈቅድላቸው ተግባሮች አሉ።

አንደኛ፣ የወረዳውን በጀት የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት መሆኑን አውቆ፣ ቀበሌያችሁን የሚወክሉት አባላት ከስብሰባው ሲመለሱ ለአደጋ ጊዜ ምን ያህል እንደ ተያዘና ከየትኛው ሥራ ላይ እንደ ተቀነሰ በጉባኤ ፊት እንዲያስረዱ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ የተረጂዎች ስም ዝርዝር በአደባባይ እንዲለጠፍና እንዲነበብ ማድረግ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተረጂውን የአካባቢው ሕዝብ ራሱ እንዲለይ፣ ስሙም በይፋ እንዲገለጽ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም እንዲኖር የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። የመሪው ዘመድ በዝርዝሩ ላይ ሲገኝ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት መሪው ራሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የገባውን እህል በኩንታል፣ የታደለውንም በኪሎ መዝግቦ፣ ከአንድ በላይ ምስክሮች ባሉበት ማስፈረም ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችለው የሚያነብለት ሰው ይኑር፤ አሻራው ሳይገባው አይወሰድ። አራተኛ፣ የርዳታውን ሥራ የሚመራና የሚመረምር አንድ ሰው እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። አምስተኛ፣ የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ለምክር ቤቱ በሚቀርብበት ጊዜ በሬዲዮና በጋዜጣ ተከታትሎ መወያየት ነው። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ግዥ እየተባለ በየዓመቱ የሚነገረው ነገር ባዶ ቃል አይደለም፤ ያልተቆፈረ ጉድጓድና ያልደረሰ ማዳበሪያ ማለት ነው።

ለምክር ቤቱ አባላትም የምንለው አለን። የገጠሩ መራጭ ወደ እናንተ የላከው በደጉ ዘመን እንድታጨበጭቡለት አይደለም። አጣዳፊ ወጪ የራሱ ጣሪያ ይኑረው፤ የሪፖርቱም ቀን ይቆረጥ። ዋናው ኦዲተር ገንዘቡ እየወጣ እንዲመረምር በቂ ሠራተኛና ተሽከርካሪ ይሰጠው። የተገኘው ጉድለት ለሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ማድመቂያ ከሚሆን ይልቅ ተጠያቂው ይቅረብበት፤ ገንዘቡም ይመለስ።

ሕገ መንግሥቱ የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ መከላከልን፣ ደርሶም ሲገኝ ለተጎጂው በወቅቱ መድረስን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ይህ ግዴታ የሚፈጸመው ገንዘቡ ሲገኝ ብቻ ሳይሆን ተቆጥሮ ሲደርስም ነው። ዝናብ የሚቀርበትን ዓመት ማንም አስቀድሞ አይመርጥም። ቁናውን ግን ዛሬ፣ ጎተራው ሳይጎድል ማዘጋጀት ይቻላል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ከሌላው አጀንዳ ሁሉ አስቀድማችሁ «ክፉ ቀን ቢመጣ በእኛ ቀበሌ እህሉን የሚሰፍረው ማን ነው? ሰፋሪውንስ የሚያየው ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ተወያዩ፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩ።