ወንድነት በመርፌ

በዓል ሲቃረብ በግ ተራ የወጣ ሸማች ሙክት ሲመርጥ ጀርባውን በእጁ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ላቱን አንስቶ ይመዝናል። ሻጩም «ዓመት ሙሉ የተቀለበ ነው፤ እጅህን ስደድበት» ይለዋል። ሙክት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በጊዜው ተኮላሽቷል፤ ስለዚህ መዋጋቱንና እንስት ሲከተል መዋሉን ትቶ የበላው ሁሉ ሥጋና ስብ ሆኗል፤ የአውራ ጠረንም የለውም። አራሹም በሬውን የሚያኮላሸው በዚሁ ምክንያት ነው። ኮርማ እንደሆነ ቢቀር ትከሻው ይደነድናል እንጂ ጠቡ አያሳርሰውም። ገበሬው ቴስቶስትሮን የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ነገሩ ሲኖር ምን እንደሚያደርግ፣ ሲጠፋ ምን እንደሚቀር ግን አሳምሮ ያውቃል።

ይህን የገበሬ ዕውቀት ወደ ሳይንስ ያሻገረው አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጎቲንገን ከተማ ወጣት አውራ ዶሮዎችን አኮላሸ። የዘር ፍሬያቸው የወጣባቸው መጮህም መደባደብም ተዉ፤ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሳያድግ ቀረ። የዘር ፍሬ ሆዳቸው ውስጥ መልሶ የተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ አደጉ፣ ጮሁ፣ ሴት አባረሩ። የቀድሞው የነርቭ መስመር ተቆርጦ ሳለ ይህ ከሆነ፣ ከዘር ፍሬው ወደ ደም የሚገባ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሰው ያንን ነገር ለይቶ አውጥቶ፣ በላቦራቶሪም ሠርቶ ቴስቶስትሮን ያለው በ1935 ነው፤ በላቦራቶሪ የሠሩት አዶልፍ ቡተናንትና ሊዮፖልድ ሩዚችካ የ1939ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል።

ገበያው ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። በ1889 ሻርል ኤድዋርድ ብራውን ሴካር የተባለ ስመ ጥር የነርቭ ተመራማሪ፣ በ72 ዓመቱ፣ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የጨመቀውን ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጉልበቴ ታደሰ ብሎ ፓሪስ ላይ ተናገረ። ቴስቶስትሮን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የነበረው ከምንም አይቆጠርም። ያም ሆኖ ጭማቂው በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ጉድ ተሸጠ። በ1920ዎቹ ደግሞ ሰርጅ ቮሮኖፍ የተባለ ሐኪም የዝንጀሮ የዘር ፍሬ እየቆራረጠ ለሀብታም ሽማግሌዎች ይተክል ነበር። ሻጭና ገዢ የተገናኙት ሸቀጡ ከመገኘቱ 46 ዓመት ቀድሞ ነው።

ዛሬ ሸቀጡ አለ፤ በመርፌም በጄልም ይገኛል። ክርክሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ በሚል ከቀረበ ግን ጭብጡን ይስታል። ሆርሞኑ በእርግጥ የጎደለው ወንድ አለ፤ እሱ ችግሩን ይደብቃል። ምንም ያልጎደለው ወንድ አለ፤ እሱ መድኃኒቱን ይገዛል። ሁለቱንም የሚነዳቸው አንድ ፍርሃት ነው፤ ወንድ አይደለህም እባላለሁ የሚል።

ፍርሃቱ የሚጀምረው ከመስታወት ፊት ነው። ጺሙ የሳሳ ጎረምሳ የጎደለኝ ነገር አለ ይላል። ራሱ የተመለጠ ጎልማሳ ደግሞ ወንድነት ሲበዛ ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለአቅመ አዳም በደረሰ ጤነኛ ወንድ የጺም ብዛትም ሆነ መመለጥ የሚወሰነው በደም ውስጥ ካለው መጠን ይልቅ የፀጉር ሥሮች ለሆርሞኑ ባላቸው ምላሽ ነው፤ ይህም በዘር የሚወረስ ነው። ሆርሞኑ ጭራሽ ከሌለ ራስ እንደማይመለጥ ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ በ1942 የተኮላሹ ወንዶችን አጥንቶ አሳይቷል። ካለ በኋላ ግን ራሰ በራው ፀጉራም ከሆነው የበለጠ ቴስቶስትሮን የለውም።

ከዚህ የባሰ ጉድ የታየው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላስ ሳሊናስ በተባለ መንደር ነው። እዚያ ሴት ናቸው ተብለው ያደጉ አንዳንድ ልጆች ዕድሜያቸው ወደ 12 ሲጠጋ ድምፃቸው ይጎረንን፣ የወንድ ብልታቸውም ያድግ ጀመር። ጁሊያን ኢምፔራቶ መጊንሊና ባልደረቦቿ በ1974 ምክንያቱን ይፋ አደረጉ። ልጆቹ ቴስቶስትሮን አላቸው፤ የጎደላቸው እሱን ዲኤችቲ ወደሚባል የበረታ ሆርሞን የሚለውጠው ኢንዛይም ነው። ሲያድጉ ጡንቻቸው ፈርጣማ፣ ድምፃቸውም ጎርናና ሆነ፤ ጺማቸው ግን ሳሳ፣ ራሳቸው አልተመለጠም፣ ፕሮስቴታቸውም ትንሽ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ለፕሮስቴት ማበጥና ለራስ መመለጥ የሚታዘዘው ፊናስተራይድ የተወለደው ከዚህ ግኝት ነው። የወንድ መልክ የምንለው እንግዲህ በአንድ ቁጥር የሚጠቃለል አይደለም።

ቁጥሩ ግን ይሸጣል። ሜሪላንድ የሚኖር አብሮ አደጌ አንድ ክረምት መጥቶ እኛ ቤት ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ገላውን ታጥቦ ሲወጣ ከአንዲት ነጭ ጠርሙስ ጄል እየጨመቀ ሁለቱን ትከሻዎቹን ይቀባል፤ እስኪደርቅ ድረስም ሸሚዙን ሳይለብስ ይቀመጣል። ትንሿ ልጄ ልታቅፈው ስትሮጥ «ቆይ የኔ እናት፣ ልልበስ፣ እጄንም ልታጠብ» ብሎ ብድግ አለ። እውነቱን ነው። ጄሉ የነካቸው ሕፃናት ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት ስላሳዩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2009 ጀምሮ ጠርሙሱ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሎው ቲ ነው ባክህ፤ ቴስቶስትሮኔ አንሷል። ድካም ድካም ይለኝ ነበር።»

«ስንት ሆኖ ተገኘ?»

«ሦስት መቶ አርባ ምናምን።»

«ስንቴ ተለካህ?»

«አንዴ። ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ ደም ሰጠሁ፤ በሳምንቱ ጀመርኩ።»

የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር የ2018 መመሪያ ቴስቶስትሮን አነሰ የሚባለው በዴሲሊትር ደም ከ300 ናኖግራም በታች ሲሆን ነው ይላል፤ ያውም በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በማለዳ ተለክቶ፣ ምልክቱም አብሮ ሲታይ። ማለዳ የተባለው ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ሲመሽ ስለሚወርድ ነው። ወዳጄ ደሙን የሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቁጥሩም ከመስመሩ በላይ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አምስት ሰዓት ከተኛ ሲሳይ ነው። በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲያደርጉ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል። ለወዳጄ ቀድሞ ሊታዘዝለት የሚገባው እንቅልፍ ነበር።

እሱ ብቻውን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ኩባንያዎች «ቴስቶስትሮንህ አንሶ ይሆን?» የሚል ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀው፣ ከ2001 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ተጠቃሚው በሦስት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ድካም፣ ቦርጭ፣ ከእራት በኋላ ማንቀላፋት፣ ሁሉም የበሽታ ምልክት ሆነ። በ2010 የታተመው የአውሮፓ ጥናት ግን በስምንት ከተሞች ከ3,000 በላይ ወንዶችን መርምሮ፣ ከ40 እስከ 79 ዓመት ባሉት መካከል በዕድሜ ምክንያት የሚመጣው እውነተኛ ጉድለት ያለባቸው ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው አለ። ከሆርሞኑ ማነስ ጋር በቅጡ የተያያዙት ምልክቶችም ሦስት ናቸው፤ የፍላጎት መቀነስ፣ የማለዳ የብልት መነሣት መጥፋትና ስንፈተ ወሲብ።

የመድኃኒቱ ደጋፊዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ የሚሉትም መሰማት አለበት። የልብ ድካም ያመጣል የሚለው ፍርሃት በ2015 ማሸጊያው ላይ ቢጻፍም በ2023 የወጣው ትራቨርስ የተባለው ጥናት አልደገፈውም። ከ5,000 በላይ፣ የቴስቶስትሮን መጠናቸው ከ300 በታች የሆነና ለልብ ሕመም የተጋለጡ ወንዶች ጄሉን ወይም የማስመሰያ ቅባት ተሰጣቸው፤ በልብ ድካም፣ በስትሮክና በልብ ሕመም ሞት ልዩነት አልታየም፤ ለፕሮስቴት ካንሰርም እንዲሁ። ቀደም ሲል 65 ዓመት ያለፋቸውን 790 ወንዶች ያካተተው ሌላ ጥናት ደግሞ የወሲብ ፍላጎታቸው መጠነኛ መሻሻል እንዳሳየ መዝግቧል። ሆርሞኑ ለጎደለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው በ60 ዓመቱ ከሚስቱ ጋር ደስ ብሎት ልኑር ቢል ማን ይከለክለዋል?

ያው ትራቨርስ ግን ሌላም ነገር ይዞ መጥቷል። ጄሉን በወሰዱት ላይ የልብ ምት መዛባት፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በዝቷል። አጥንት ያጠነክራል ሲባል የነበረው ሆርሞን ስብራትንም አብዝቶ ተገኘ፤ 3.5 በመቶ፣ ማስመሰያውን በወሰዱት ደግሞ 2.5። ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ መድኃኒቱን በመሐል አቁመዋል። በ790ዎቹ ላይም ቢሆን ብዙ ሰው ጄሉን የሚገዛበት ጉዳይ፣ ድካም፣ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ስለ ዘር እምብዛም አለመወራቱ ነው። የዘር ፍሬ የሚሠራው ከአንጎል በሚላክለት ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ አለ ብሎ ትእዛዙን ያቋርጣል፤ የዘር ፍሬው ሥራ ይፈታል፣ ይኮማተራል፣ ዘር ማፍራቱንም ያቆማል። ግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ይፋ ባደረገው ሙከራ በሰባት አገሮች ያሉ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን የተወጉት ለእርግዝና መከላከያነት ነው፤ ሠርቷልም። ወንድነት ብሎ የሚወጋው ወጣት ሳያውቀው የወሊድ መቆጣጠሪያ ጀምሯል። ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ መመለሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ይህን ወደ እኛ ሰፈር አምጡት። አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የሚያዘወትር ሰው ከብረቱ አጠገብ ስለ መርፌ ሲንሾካሾኩ ሳይሰማ አይቀርም። ደረቱ በሦስት ወር የተነፋ፣ ጀርባው በብጉር የተሞላ የ23 ዓመት ልጅ «ኮርስ ላይ ነኝ» ይላል። ማን አዘዘልህ ሲሉት አሠልጣኙን ይጠራል። ይህ ልጅ ነገ ያገባል። በአገራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቲቱ ላይ ነው፤ ጸበል የምትመላለሰውም፣ ሐኪም ቤት የምትንከራተተውም እሷ ናት። ባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ስጥ ሲባል «እኔ ምን ሆኜ?» ብሎ ያኮርፋል። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ግን ወንዱ የችግሩ ባለቤት ወይም ተካፋይ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በእርግጥ የጎደለው ወንድ የሚያሳዝነኝም በዚህ ነው። አንድ ኤክስ ክሮሞሶም ጨምሮ የሚወለደው ባለ ክላይንፈልተር ወንድ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅለት ያረጃል። ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው ያበጠ አለ። ፒቱታሪ በሚባለው የአንጎል ዕጢ ላይ እባጭ ወጥቶበት ራሱን የሚያመውና የጎን እይታው የሚጠብበት አለ። 14 ዓመት አልፎት የጉርምስና ምልክት ያላየ ልጅ አለ፤ እኩዮቹ በድምፁ ይቀልዱበታል፣ ቤተሰቡም ያድጋል እያለ ዝም ይላል። ለእነዚህ ቴስቶስትሮን የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አጥንታቸውን ሳይቀር ይታደጋል። እነሱ ግን አፍ አውጥተው ከመናገር ስልክ እንጨት ላይ የተለጠፈውን «ስንፈተ ወሲብን እናድናለን» የሚል ወረቀት አይተው በምሽት ይደውላሉ። ስንፈተ ወሲብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የደም ሥር ጉዳይ ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ቀዳሚ ደወል ሊሆን ይችላል። ሥር ቀቅሎ የሚያጠጣው ሰው ይህን አይመረምርም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው፣ የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበር። ለዘመናት ስንኮራበት ኖረናል፤ ወንድነቱን የመዘነ ግን የለም። ክብር በናኖግራም እንደማይለካ ድሮውንም እናውቃለን ማለት ነው፤ የዘነጋነው የራሳችን ሲሆን ነው።

ስለዚህ መርፌውን ይከልከል የምል ሰው አይደለሁም። ሊወጋህ የተዘጋጀ ሰው ግን በሁለት ማለዳ ደምህን ይለካ፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘም ለምን እንደወረደ ይፈልግ፤ መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ደግሞ «ልጅ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቅህ። ሦስቱን ሳያደርግ የዋጋውን ነገር ካነሣብህ ነጋዴ ነው፤ ሐኪም ፈልግ።