ተቀባይ የሌለው ዘፈን

በክፍላችሁ ክርክር ሲደረግ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ሲናገር ሌላው የሚሰማ ይመስላል እንጂ በልቡ የራሱን መልስ እያሰናዳ ተራውን ይጠብቃል። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ተማሪዎቼ እንዲናገሩ ሳበረታታ ኖርሁ፤ ማዳመጥን ግን አላስተማርኋቸውም።

በጅማ አካባቢ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ዙሪያ ባሉት የቡና አገሮች፣ ማዳመጥ የሚለመድበት ሌላ ስፍራ አለ። ገበሬዎች በደቦ ተጠራርተው ሲሠሩ አንዱ ዜማውን ያወጣል፤ የቀሩት ይቀበላሉ። በመንዙማም መሪው ስንኙን ያሰማል፤ ተቀባዮቹ የድቤውን ምት ተከትለው ይመልሳሉ። አውጪውን ሳያዳምጥ የተቀበለ ሰው ድምፁ ብቻውን ይቀርና ስሕተቱ ወዲያው ይታወቅበታል። ተከራካሪ ግን ሳያዳምጥ ቢመልስም ሊጨበጨብለት ይችላል!

ስለዚህ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለኅብረት ዘፈን ቢሰጥ መልካም ነው እላለሁ። ጎረቤት ክፍል ይረበሻል የሚሉ አሉ፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከበሮ ሲመታ የሰማ ሰው አይፈርድባቸውም። እኔን ይበልጥ የሚያሠጋኝ ግን ሌላ ነው። አውጪው ዘወትር አንድ ሰው ከሆነ ተቀባዮቹ መታዘዝን እንጂ መነጋገርን አይማሩም። ስለሆነም አውጪነቱ በተራ እንዲሆን ለመምህራችሁ ሐሳብ አቅርቡ። ዛሬ አንዷ በአፋን ኦሮሞ ታውጣ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው በዳውሮኛ ወይም በአማርኛ ያውጣ። ተቀባዩ የማያውቀውን ቃል ትርጉም መጠየቁ አይቀርምና፣ ከበሮው ሳይመታ ጭውውቱ ይጀመራል።